ቀይ መስመር የጠፋበት ጠዋት

ልጄ የገባችበትን መሥሪያ ቤት ገና ከመጀመሪያው ልቤ አልወደደውም። የሙከራ ጊዜዋ የፊታችን ዓርብ ያልቃል፤ ከዚያ ወይ ትቀጠራለች ወይ ትሰናበታለች። እኔ ስልኳ በጮኸ ቁጥር “በቃ፣ ሊያባርሯት ነው” እላለሁ።

የሰጧት ሥራ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ፕሮግራመሮቹ ሲጽፉ በተሳሳተ ቃል ሥር ቀይ የሚያሰምር አራሚ አላቸው። እስካሁን ግን እያንዳንዱ ፕሮጀክት የየራሱ ደንብ ስለነበረው አንዱ የተቀበለውን ቃል ሌላው ስህተት ይለዋል። እሷ አንድ የጋራ የደንብ ፋይል አዘጋጅታ ሁሉም ከዚያ እንዲያነቡ ማድረግ አለባት።

“ያ አንዱ ፋይል ቢበላሽስ?” አልኳት።

“እማዬ ደግሞ! ገና ሳይወለድ ቀበርሽው።”

ማክሰኞ ጠዋት እኔ የታጠበ ልብስ ሳጣጥፍ፣ እሷ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ድንገት ጮኸች።

“ነይ እዪ! ሁሉም ፕሮጀክት አረንጓዴ! አንድም ስህተት የለም!”

ቀጮ የሚሏት የሥራ ባልደረባዋ ብዙም ሳይቆይ ደወለች፤ ድምፅዋ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። “አንቺ ጉደኛ! እኛን ስንት ጊዜ ያንከራተተንን በአንድ ጠዋት ጨረስሽው? ዓርብ ጋባዧ አንቺ ነሽ! አለቃችን እኮ ፕሮግራም ለምንሠራለት ሆስፒታል ሰዎች ጽፎላቸዋል፤ ለበሽተኞች የሚላከው መልእክት ሁሉ ተመርምሮ ንጹህ ሆኗል ብሎ።”

ደስታው እኔ ጋ አልደረሰም።

“ትናንት ቀይ በቀይ ነው ስትዪ አልነበር? ማን አረመው?”

“እኔ እንጃ፣ እነሱ ይሆናሉ።”

“ልጅ ሆነሽ ድምፅሽ ሲጠፋ ነበር ሮጬ የምመጣው። አንዴ ጭጭ ብለሽ ስመጣ መጋረጃዬን በመቀስ ስትተለትዪ አገኘሁሽ።”

“ያን መጋረጃ መቼ ነው የምትረሺልኝ!” ብላ ሳቀች። “እሺ፣ ላሳይሽና ይውጣልሽ።”

ዝም ብላ ቁልፎቹን ደባብሳ ትርጉም የሌለው ነገር ጻፈችና አራሚውን አስነሳችው። አረንጓዴ። ሌላ ፕሮጀክት ላይ ሞከረች። አረንጓዴ። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

የጋራውን ፋይል ከፈተች፤ ጣቷ አንዲት መስመር ላይ ቆመ። አራሚው አንድ ጊዜያዊ ማህደር እንዲዘል ልታዝ ፈልጋ፣ ለካ ሁሉንም እንዲዘል አዛዋለች። ደንቡ የጋራ ነውና በሁሉም ፕሮጀክት ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ስህተት ያልተገኘው ፈላጊ ስላልነበረ ነው።

አለቃዋ ጋ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው።

“ማን አወቀ?” አላት፣ ጨርሳ ሳትነግረው።

“እኔ... እና እናቴ።”

ሳቀ። “እናትሽ ፕሮግራመር ናቸው እንዴ? ስሚኝ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። እስከ ዓርብ እንዳለ ተይው። ስትቀጠሪ ቀስ ብለሽ ታስተካክዪዋለሽ።” ዘጋው።

ምነው አፌን በዘጋሁ ኖሮ አልኩ።

“ተይው በቃ፣ ልጄ፤” አልኳት፣ ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔው። “ዓርብ እኮ ሩቅ አይደለም።”

“እማዬ፣ መልእክቱን የሚያነቡት በሽተኞች ናቸው።”

መስመሯን አስተካክላ ፋይሉን ለሁሉም ላከችው። ቀዩ ከላይ እስከ ታች ጎረፈ፤ የሆስፒታሉ ፕሮጀክት ላይማ ማለቂያም የለው።

ስልኩ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። አሁን ድምፁን አልከፈተችልኝም። አጣጥፌ ያስቀመጥኩትን ሸሚዝ አንስቼ እንደገና አጣጠፍኩት።

“አቤት... እሺ... አሁኑኑ?”

ከዚያ፣ ልጅ ሳለች ጥፋት አጥፍታ በምታናግረኝ ድምፅ፣ “ቻርጀሩንም ይዤ ልምጣ?” አለች።

መልሱን አልሰማሁም። ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችና መጠቅለል ጀመረች።