የመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ደረጃ

የትነበርሽ ያን ጊዜ ገና የወተት ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። አሸዋው ክምር ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች፤ ግንበኛው አያ ሰውአገኝ ድንጋይ እየጠረበ ከአባቷ ጋር ይከራከራል።

«መሪጌታ፣ ይሄ ደረጃ እንዲህ ከተጠማዘዘ አልጋ በየት ሊወጣ ነው?»

አባቷ የመለሱትን አታስታውስም። ስለ ነገሥታቱ ግንብ አንድ ነገር ብለዋል። አያ ሰውአገኝ ግን አልተዋቸውም።

«እሺ፣ አልጋው ይቅር። ሰው የታመመ እንደሆነስ በየት ይወርዳል?»

ከዚያ አንድ ሰው «በመስኮት!» አለ። እናቷ ይመኙሽ ጭቃ በነካ እጇ አፏን ሸፍና ስትስቅ ዛሬም ትታያታለች። «በመስኮት» ያለው ማን እንደሆነ ግን፣ ይኸው ፀጉሯ ሸብቶም አልለየላትም።

ደረጃው እንደተጠማዘዘ ተሠራ። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ በወጣትነታቸው የፋሲልን ግንብ ጠመዝማዛ ደረጃ አይተው ልባቸው እዚያው የቀረ ሰው ነበሩ። ከፒያሳ ጀርባ ባለችው ቦታቸው ላይ ፎቅ ሲሠሩ ምድሩን ለሱቅ ኪራይ፣ ላዩን ለራሳቸው አደረጉት። በመሃል የንጉሥ ደረጃ፣ ለንጉሥ በማይበቃ ስፋት፣ አስገቡበት።

አሁን ቤቱ ሊሸጥ ነው። የመሪጌታ እግር ከከዳቸው ሁለተኛ ዓመታቸውን ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ከሳሙ ቆይተዋል። ውኃውንም፣ ከሰሉንም፣ መድኃኒቱንም በዚያ ደረጃ የምታወጣው የትነበርሽ ናት፤ የእሷም ጉልበት መንቋቋት ጀምሯል። ቀሃ ኢየሱስ አጠገብ፣ ደጁ ከመሬት እኩል የሆነ ትንሽ ቤት አይታለች። አልጋ ላይ ተኝተው ቅዳሴው ይሰማል።

ደላላው ወንዴ ገዢ ያመጣል፤ ደረጃው ገዢ ይመልሳል። አንዱ ወፍራም ነጋዴ መሃል ላይ ሲደርስ ትከሻው ተቀረቀረና «ኧረ ሳቡኝ!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሙሽራ ደግሞ ቀና ብላ አየችና «ፍሪጄስ?» አለች። ወንዴ መልስ አያጣም።

«እመቤቴ፣ ይሄ እኮ ታሪካዊ ደረጃ ነው! ሌባ ቢገባ ቴሌቪዥኑን ይዞ አይወርድም። የዘበኛ ደሞዝ ቀረልሽ ማለት ነው።»

ደረጃውን ያለፈ ሰው ፎቁ ላይ መሪጌታን ያገኛል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ይላሉ።

«ቤቱን ግዙት፣ ግድ የለም። እኔ ግን በደረጃው አልወርድም። ባለቤቴ የወጣችው በዚያ መስኮት ነው። እኔም በሷው መስኮት ነኝ።»

እውነታቸውን ነው። ይመኙሽ ያረፈች ጊዜ ሳጥኑ በደረጃው አልዞር ብሎ በሰፊው የእንጨት መስኮት በገመድ ነው የወረደችው። ገዢው ይኸን ሲሰማ መስኮቱን አንድ ጊዜ ያያል፣ ያማትባል፣ ይወርዳል።

ከዳግም ትንሣኤ ማግስት እታገኘሁ መጣች። ማራኪ ሰፈር ለተማሪዎች ክፍል የምታከራይ፣ ነገር የማታዞር ሴት ናት። ደረጃውን በጎኗ ወጣችው።

«ሸጋ ቤት ነው። ደረጃውን አፍርሼ በውጭ አወጣዋለሁ» አለች። «አዛውንት ግን ጎትቼ አላስወጣም፤ እግዜርም አይወደው። በፈቃዳቸው ይውረዱና እንዋዋል። እስከ እሑድ ካልሆነ ሌላ ቤት አይቻለሁ።»

ወንዴ ሊሸኛት ወረደ። የትነበርሽ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ምነው አባ? ምነው እንዲህ ይጨክናሉ?»

«ጭካኔ አይደለም ልጄ፣ ቃል ነው። እናትሽ ራሷ ናት ያዘዘችው። ያኔ ሰውአገኝ ‹በየት ይወርዳል› ሲል፣ ‹በመስኮት› ያለችው እሷ ናት። ስትሞት ሰዎቹ በትከሻ እናውርዳት ቢሉኝ፣ እንደ ከረጢት አትወርድም አልኩ። ያለችውን ፈጸምኩላት።»

የትነበርሽ ቀስ ብላ ቀና አለች። ያ ባለቤት ያልነበረው ድምፅ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ባለቤቱን አገኘ።

«እየሳቀች ነበር እኮ፣ አባ።»

«ምን አልሽ?»

«እየሳቀች ነው ያለችው። የዚያን ቀን ነገር ብዙው ጠፍቶብኛል። ሳቋ ግን አልጠፋብኝም።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ አዩ።

«እርስዎ ከላይ ሆነው ገመዱን ይዘው ነበር» አለች። «እኔ ታች ነበርኩ። ሳጥኑ ግድግዳውን እየደበደበ ነው የወረደው። መሃል ላይ አንዱ ገመድ ላላና በራሷ በኩል ተዘቀዘቀ። ለቀስተኛው ሁሉ ጸጥ አለ። ውስጥ ስትንሸራተት ሰማኋት፣ አባ። እስከ ዛሬ በዚያ ግድግዳ ሥር ቀና ብዬ አላልፍም። ሁለተኛ እዚያ አልቆምም። እርስዎን ከታች የሚቀበል ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

የመሪጌታ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ዳዊት እየደገሙ ይሁን የሚስታቸውን ስም እየጠሩ አልታወቃትም። ከታች፣ ከሱቁ፣ የልብስ ሰፊው ማኪና ይንጣጣል።

«ተንሸራተተች?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«የገመዱ ድምፅ መስሎኝ ነበር።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። የትነበርሽ አልነካቻቸውም፣ አላባበለቻቸውም፤ ጠበቀች። ልብስ ሰፊው ማኪናውን አቁሞ፣ ሌላ ልብስ ጀምሮ፣ እሱንም ጨረሰ። ያኔ ከጋቢው ሥር ድምፃቸው መጣ።

«ያ ወፍራም ነጋዴ የተቀረቀረው የቱ ላይ ነው?»

«መሃሉ ላይ፣ መዞሪያው ጋ።»

«እኔ ከስቻለሁ፣ አልቀረቀርም። ነገ በጠዋት፣ እግዜር ከፈቀደ፣ በቂጤ እየተንፏቀቅኩ እወርዳለሁ። አንቺ ከፊቴ ሁኚ። ያ ቀባጣሪ ወንዴ ግን እንዳያየኝ።»