የመጋዘኑ ግድግዳ

ልብስ ሰፊው ለሁለት ሰው የተሠራውን ብስክሌት ከፊት ሆኖ ሲነዳ፣ ከኋላው የተቀመጠው ዓይነ ስውር ታላቅ ወንድሙ ለአፍታም አፉን አላሳረፈም። ዓይኑ ሳይከዳው በፊት የአውቶቡስ ሾፌር ነበርና ማዘዝ ይችልበታል።

«ማሙሽ፣ ማርሽ ቀንስ! ዳገት መጣ።»

«በምን አወቅህ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ትንፋሽህ ነገረኝ!»

አብረዋቸው የሚነዱት የሰፈር ሰዎች፣ ሃምሳ ያለፈው ሰውዬ «ማሙሽ» ሲባል በሰሙ ቁጥር ይስቃሉ። መንገዱ የጥንት ተሳላሚዎች በእግራቸው የተመላለሱበት ነው፤ የሚያልቀውም ዳገቱ አናት ላይ፣ ገዳሙ በር ላይ ነው። የታላቅዬው ሚስት ያንን በር ለመሳለም ስትመኝ ኖራለች። እሱ ግን «በሚቀጥለው ፈቃዴ እወስድሻለሁ» እያለ ሲያቆያት፣ አምና ሞተች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አጥቷል። አሁን የመጣው እዚያ በር ላይ ይቅርታ ሊጠይቃት ነው።

የመጨረሻው ዳገት የልብስ ሰፊውን ጉልበት ሙልጭ አድርጎ ጨረሰው። የስፌት መኪና ፔዳል ሌላ፣ ይሄ ሌላ! ጓደኞቹ ቀድመው ከመታጠፊያው ወዲያ ጠፍተዋል። «ደከመኝ፣ ትንሽ እንረፍ» ቢል ምን ነበረበት? አፈረ። መንገዱ ዳር አንድ የተዘጋ አሮጌ የድንጋይ መጋዘን አየና ፍሬን ያዘ።

«ደረስን» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ታላቅዬው ወርዶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ፣ ግንባሩንም አስደገፈ።

«አንቺ፣ ይኸው መጣሁ። ዘገየሁብሽ፤ ይቅር በይኝ» ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ልብስ ሰፊው «እዚህ አይደለም» ሊል ፈልጎ፣ ብስክሌቱን ወደ ማስደገፍ ዞረ። ቡድኑን የምትመራው ፋርማሲስት እነሱን ፍለጋ ተመልሳ ስትወርድ መጋዘኑን አየች፣ የታላቅዬውን እርጥብ ፊት አየች፣ ልብስ ሰፊውንም አየችው።

«እንኳን አደረሰዎት፣ ጋሼ» አለች።

ታላቅዬው ቤቱ ሲመለስ እንቅልፉ ተመለሰለት፤ ሳቁም አብሮ መጣ። ታዲያ በየት በኩል ይነገረዋል? ልብስ ሰፊው እውነቱን ሊያወጣ አስቦ በሄደ ቁጥር፣ የወንድሙን ፊት እያየ ስለ አየር ጠባይ አውርቶ ይመለሳል። ጸጸቱ ሲያንገበግበው ሱቁን ዘግቶ ብቻውን ዳገት ለዳገት ይነዳል። በዓመቱ ጉልበቱ ብረት ሆነ።

«ማሙሽ፣ ሄደን እንጠይቃት እንጂ» አለው ታላቅዬው አንድ ቀን።

ሄዱ። በዚያ ዳገት ላይ ልብስ ሰፊው ትንፋሹ እንኳ አልተቆራረጠም። አሁን ወንድሙን እያፏጨ አናቱ ድረስ ሊያወጣው ይችላል። መጋዘኑን አልፎ ሊነዳ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ ረገጠ።

«ቀስ በል፣ እንዳናልፈው!» አለ ታላቅዬው ከኋላ። «ግድግዳውን እጄ ያውቀዋል። ይቅር ያለችኝ እዚያ ነው።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ የገዳሙን በር አየ። ከዚያ ፍሬን ያዘና ወንድሙን ደግፎ አውርዶ፣ እጁን ይዞ ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ወሰደው።