ቢ ሪዚኪና ከመኪናው ወለል የማይደርቀው ውሃ

ምዜ ሸብዋና መኪናውን ሲያስረክቡ ሦስት ጊዜ በአላህ ስለማሉ፣ ቢ ሪዚኪ ከዚያች ቀን ጀምሮ አላመነቻቸውም። አንድ ጊዜ መማል ወግ ነው። ሦስት ጊዜ የሚምል ደላላ ግን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ እየመለሰ ነው። ቁልፉን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ጥቂት እንደነዳች መንገድ ዳር አቁማ አፍንጫዋን ወንበሩ ላይ ደፍታ አሸተተች። የሎሚ ሽቶ ሸተታት። ንጹሕ መኪና ሽቶ ምን ያደርግለታል?

ሪዚኪ ወይዘሮን ቢ፣ ሽማግሌን ምዜ በሚሉበት በሞምባሳ አሮጌው ከተማ ፒላው የሚባለውን የሰርግ የቅመም ሩዝ ቀቃይ ናት። ድስቶቿ ሁለት ሰው ካልተሸከማቸው የማይነሱ ስለሆኑ ሰፊ መኪና ያስፈልጋት ነበር። ሸብዋና ደግሞ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጡ ያገለገሉ መኪኖችን ከወደብ እያወጡ የሚያሻሽጡ ሰው ናቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ልጃቸው ሐሩን የሪዚኪን ልጅ ሻምሳን ሊያገባ ኒካው ለመጪው ሳምንት አርብ ተቆርጧል። ጎረቤቱ ሁሉ "ከአማች እጅ የገዛሽው መኪና ምን ዋስ ያሻዋል?" ይላታል። ሪዚኪ በልቧ፣ ለዘመድ የተሸጠ ዕቃ ተመልሶ አይመጣም፣ ለዘመድ የሚሸጡትም ለዚህ ነው ባይ ናት።

ትልቁ ዝናብ በገባ በሁለተኛው ጠዋት ሻምሳ ከእናቷ ጎን ገብታ እግሯን ስታሳርፍ ወለሉ ጭፍቅ አለ።

"እማ፣ እግሬ ረጠበ።"

"ጫማሽ ነው።"

"ጫማዬ እስክገባ ድረስ ደረቅ ነበር።"

ሪዚኪ ጎንበስ ብላ ምንጣፉን ተጫነችው። ውሃው በጣቶቿ መሀል ብቅ አለ። ደስ አላት ለማለት ያስቸግራል፤ ነገር ግን የተናገረው የደረሰለት ሰው ፊት ነበራት።

"የሰመጠ መኪና ነው" አለች።

"ምኑ?"

"ጎርፍ የበላው። ባሕር ማዶ ጎርፍ የወሰደውን መኪና አጥበው፣ ሽቶ ረጭተው ወደኛ ይልኩታል። ሸብዋና አውቆ ነው የሸጠልኝ።"

"ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ የለ እንዴ?"

"ዝናብ የሚዘንበው ውጭ ነው።" ሪዚኪ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ስሚኝ ሻምሳ። ይህ መኪና የሰመጠ ከሆነ ኒካ የለም። በመኪና የዋሸ ቤት ነገ በሌላ ይዋሻል። ልጄን ለእንዲህ ያለ ቤት አልሰጥም።"

"ካልሰመጠስ?"

"ካልሰመጠ ሌላ ነገር ሆኗል ማለት ነው።"

ሻምሳ ጫማዋን አውልቃ ውሃውን አራገፈች። እናቷ አንድ ጊዜ አልሰጥም ያለችውን ከእጇ የሚያስለቅቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሪዚኪ በዚያው ቀን ሸብዋናን መኪኖቻቸው መሀል ጥላ ሥር ተቀምጠው ለጋ ኮኮነት ሲጠጡ አገኘቻቸው። ፊት ለፊት አልጠየቀችም። ፊት ለፊት የተጠየቀ ሰው ይዘጋጃል።

"ምዜ፣ ይህ መኪና ውሃ ይወዳል መሰለኝ።"

"ውሃ? ወላሂ ደረቅ ነው የሰጠሁሽ።"

አራተኛ ብላ ቆጠረች።

"ምናልባት መረቅ ፈሶበት ይሆናል" አሉ ሸብዋና። "ያ ሁሉ ድስት ሲጫን ሲወርድ።"

"የኔ ድስት ክዳኑን ያውቃል።"

"በር ሳይዘጋ አድሮስ?"

"በሩን የምዘጋው ራሴ ነኝ። ዘግቼም ተመልሼ እስበዋለሁ።"

"እሱን እንኳ አልጠራጠርም" አሉ ሽማግሌው፣ ከኮኮነታቸውም ተጎነጩ። ሪዚኪ ጉልበታቸውን ሲያሹ አየችና ያንንም ያዘችባቸው። ጉልበታቸው ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያማቸው መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች።

ቀጥላ የሄደችው ወደ ካዙንጉ ነው። ካዙንጉ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ጥላ ሥር የመኪና ወንበርና ምንጣፍ የሚሠራ ፉንዲ፣ የእጅ ባለሙያ ነው፤ ሥራና ወሬ እኩል ያውቃል።

"ሰምጦ እንደሆነ ንገረኝ። ሌላ ወሬ አልፈልግም" አለችው።

ካዙንጉ የወንበሩን ቀበቶ ጫፍ አሲዟት፣ "ይሳቡት፣ እስኪያልቅ" አላት። "የሰመጠ መኪና ቀበቶው መጨረሻ ላይ ጭቃ ይዞ ይቀራል። ሽቶ የሚረጩት ሰዎች እስከዚያ ድረስ ስበው አያጥቡም።"

ሪዚኪ ሳበችው። እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነው። ካዙንጉ ከሾፌሩ በቀር ወንበሮቹን ሁሉ ፈትቶ አወጣ፤ ብሎኖቹ ዝገት የላቸውም። ምንጣፉ ሲገለጥ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ብቻ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሬሳ ከብዷል። ካዙንጉ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

"ጨው የለውም፣ ባሕር አይደለም። አይጣፍጥም፣ ከሞተር ማቀዝቀዣው አይደለም። የዝናብ ውሃ ነው፣ ቢ።"

ሪዚኪም ነክራ ቀመሰች። በሰው ምላስ አትመካም። እውነትም ዝናብ ነው። ቅር አላት።

"በየት ነው የሚገባው?"

"እሱን ለምን እንለፋበታለን? ጠርዙን በሙሉ በሲሊኮን እደፍነዋለሁ፤ በገባበት ይቆማል።"

"ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ መንደሩን ሁሉ ታስራለህ?"

"ቢ፣ መኪና ነው እኮ። ፍርድ ቤት አይደለም።" ካዙንጉ ሳቀ። "ለማንኛውም ምዜ ሸብዋናን ሰላም ይበሉልኝ።"

"ትተዋወቃላችሁ?"

"እሳቸውን የማያውቅ ማን አለ?"

ይህ በቃት፤ የሸብዋና ወዳጅ መኪናዋን አይነካም። ሪዚኪ ወንበሮቹን ከኋላ አስጫነች፣ ምንጣፉን ጠቅልላ ጣሪያው ላይ አሰረችና መኪናዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። ምንጣፉ አጥር ላይ ተሰጣ። ሪዚኪ ሌሊቱን ስታስበው አድራለች፤ ውሃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚታይ፣ ጠባዩ ከሰው የማይለይ ነገር ነው። ስለዚህ ሲገባ እጅ ከፍንጅ መያዝ አለበት። የተራቆተውን ወለል በጨርቅ አድርቃ ከበሩ ሥር እስከ ዳሽቦርዱ ሥር ድረስ የቻፓቲ ዱቄት ስስ አድርጋ ነሰነሰችበት። ውሃ በነካው ቦታ ዱቄቱ ይመሰክራል። ከዚያ የእጅ ባትሪዋን ይዛ ገባችና በሩን ዘጋች። ሻምሳ ውጭ ቱቦ ይዛ ቆመች።

"ከታች ጀምሪ" አለች ሪዚኪ በመስኮቱ ክፍተት። "ከላይ ካፈሰስሽ ሁሉም ይረጥብና ማን እንዳጠፋ አይታወቅም።"

"በሩ ላይ እያፈሰስሁ ነው።"

"ደረቅ ነው። ጨምሪ።"

"አሁንስ? የበሩ መስታወት ላይ ነኝ።"

"ደረቅ ነው። ወደ ፊት ሂጂ፣ ዋይፐሩ ሥር።"

ሻምሳ ቱቦውን ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያዘችው። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ሪዚኪ ባትሪዋን ወደ ዳሽቦርዱ ሥር መለሰች። በኋላ ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ቀጭን የውሃ ክር ድምፅ ሳያሰማ ወረደ፣ ዱቄቱ ላይ አረፈ፣ ሊጥ ሆነ።

"ያዝኩህ" አለች ሪዚኪ፣ ለውሃው።

ኮፈኑን ከፈቱ። ከመስታወቱ ግርጌ ያለውን የፕላስቲክ ወንፊት ብሎኖቹን ፈትተው አነሱት። ከሥሩ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ጎን ወስዶ በቀዳዳ ወደ ጎማው ኋላ የሚያፈስ አሸንዳ አለ። አሸንዳው ግን እስከ አፉ ሞልቶ ተኝቷል፤ መውረጃ ያጣው ውሃ ለማራገቢያው አየር በሚገባበት ቀዳዳ በኩል እየተሻገረ ወደ እግር ሥር ይወርዳል። ሪዚኪ እጇን ነክራ መውረጃውን ዳሰሰች። የሆነ ነገር ተወትፏል። የሞተች አይጥ መሰላት። ስትስበው ውሃው ተንደቅድቆ ወረደና ከጎማው ኋላ መሬት ላይ ተዘረገፈ።

እጇ ላይ የቀረው በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በቀይ ክር ተሰፍቶ፣ ሰም የተቀባ ትንሽ ጥቅል ነበር።

"ክታብ ነው" አለች ሻምሳ።

"ክታብ መሆኑንማ አያለሁ። የማን ነው?"

"ለደግ ይሆናል።"

"ለደግ የሆነ ነገር ለምን ይደበቃል?"

ሪዚኪ ዱቄቱን ጠርጋ አዲስ ነሰነሰች፣ ሻምሳም እንደገና በዚያው ቦታ አፈሰሰች፣ ብዙ። ዱቄቱ ደርቆ ቀረ።

"በቃ አልሰመጠም" አለች ሻምሳ፣ ፊቷ ትንሽ እየፈታ።

"አልሰመጠም። ተደግሞበት ነው እንጂ።" ሪዚኪ ክታቡን በላስቲክ ጠቀለለችው። "እኔ ውሸታም ቤት ነው ብዬ ነበር የፈራሁት። ውሸታምስ በስንት ጣዕሙ።"

"እማ፣ ሐሩን እንዲህ አያደርግም።"

"ሐሩን ሸሚዙን አቃንቶ መቆለፍ እንኳ አይሆንለትም። እኔ የማስበው እናቱን ነው።"

"ኒካው ቀረ ማለት ነው?"

"እናቲቱ ዓይን ዓይኔን እያየች ትንገረኝና ያኔ እነግርሻለሁ።"

ሪዚኪ ጥቁር መጎናጸፊያዋን፣ ቡይቡይዋን ለብሳ፣ አንድ ወንበር በቀረው መኪና ስትወጣ ሻምሳ ቱቦውን እንደያዘች ቆማ ነበር። ውሃው እግሯ ላይ ይፈሳል፤ አልዘጋችውም።

የሐሩን እናት ቢ ኮሌ ሳሎኗ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ለሰርጉ የያስሚን አበባ በክር ትሰካለች። ምዜ ሸብዋና ወንበራቸው ላይ ናቸው።

"ግቢ ቢ ሪዚኪ። ሐልዋ ላቅርብልሽ?"

"ይቆየኝ።" ሪዚኪ ክታቡን ከላስቲኩ አውጥታ አበባው መሀል አስቀመጠችው። "ከመኪናዬ ውስጥ ነው የወጣው። የውሃ መውረጃው ላይ ተወትፎ። ምዜ፣ እስቲ አሁን ይማሉልኝ።"

ሽማግሌው ክታቡን አዩ፣ ሪዚኪን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። አፋቸውን ከፍተው ሳይምሉ መልሰው ዘጉት። ሪዚኪ ሰውየውን ከዚያ በፊት አንድም ቀን አምናቸው አታውቅም ነበር፤ ያኔ አመነቻቸው።

"የኔ ነው" አለች ኮሌ። "እሱን ተይው፣ አያውቅም።"

"በማን ላይ ነው ያሠራሽው?"

"በማንም ላይ አይደለም። ከዓይን መከላከያ ነው።"

"ከማን ዓይን?"

ኮሌ አንድ አበባ ሰካች፤ ክሩን ሳበች። "ካንቺ።"

ሸብዋና ሳል ያዛቸው።

"ቤታችንን ልታዪ የመጣሽ ቀን" አለች ኮሌ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ "የድስቶቼን ክዳን አንድ ባንድ እየከፈትሽ አየሽ። አንሶላ ገለጥሽ። የሐሩንን ጥርስ አህያ እንደሚገዛ ሰው አየሽ። በማግስቱ ፍሪጃችን ቆመ፣ ልጄን ትኩሳት ጣለው።"

"ፍሪጁ ያን ቀንም ያቃስት ነበር። ሰምቼዋለሁ።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ። የትኛው እንግዳ ሄዶ የሰው ፍሪጅ ያዳምጣል?"

ኮሌ ሌላ አበባ አንስታ ቀጠለች።

"መኪናው ወዳንቺ ሊሄድ መሆኑን ስሰማ፣ ነገ ልጄም ይሳፈርበታል ብዬ ክታብ የሚጽፉት መዓሊም ዘንድ ሄድሁ። ነፋስ የሚገባበት ቦታ አድርጊው አሉኝ። ግቢያችን ቆሞ ሳለ ያን ወንፊት አየሁ፤ ነፋስ መግቢያ ነው ብዬ በጫፉ ሰደድሁት። ውሃ መውረጃ መሆኑን ማን ነገረኝ?"

"ዓይኔ ምንም አላደረገውም። ክታብሽ ነው ያሰመጠው።"

"አየሽ?" አሉ ሸብዋና ከወንበራቸው ቀና ብለው። "ደረቅ ነው የሰጠሁሽ አላልኩም? ወላ—" ሁለቱም ሴቶች ዞር ብለው ሲያዩዋቸው መሐላውን ዋጡት።

ኮሌ መርፌዋን አስቀመጠች። "እንግዲህ ልጅሽን ልትከለክይን ነው የመጣሽው። ተናገሪውና ይውጣልሽ። አበባውን በከንቱ አልሰካም።"

ሪዚኪ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ተናደደችም፤ ዓይነ ክፉ መባል የሚያናድድ ነገር ነው። ነገር ግን ሻምሳ ትዝ አለቻት። ሻምሳ ዓሣ ሻጩ "ዛሬ ጠዋት የተጠመደ ነው" ሲላት የምታምን ልጅ ናት። ሐሩን ደግሞ ሻምሳ ያለችውን ሁሉ ያምናል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች አንድ ቤት ሲገቡ ጣሪያቸውን ነቅሎ ለራሳቸው የሚሸጥላቸው አይጠፋም። በዚያ ቤት የድስት ክዳን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። ይህች ሴት ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ያለ አንዳች ማስረጃ ጠረጠረቻት፣ ለባሏ እንኳ ሳትተነፍስ የመሰላትን አደረገች። ሪዚኪ በእሷ ቦታ ብትሆን ሌላ አታደርግም ነበር።

"ኒካው በቀኑ ይሁን" አለች።

ኮሌ ዓይኗን አጠበበች። "ለምን?"

"ለምን ብለሽ ስለጠየቅሽኝ።"

ኮሌ መርፌዋን መልሳ አነሳች። ሸብዋና አንዱም አልገባቸውም፤ ሐልዋውን ራሳቸው አንስተው መብላት ጀመሩ።

"ክታቡ ረጥቧል፣ አይሆንም" አለች ኮሌ በመጨረሻ። "ሌላ አሠራለሁ። መኪናው ውስጥ ግን ይገባል።"

"ይግባ። እኔ እያየሁ፣ ደረቅ ቦታ።"

"መውረጃው መከፈቱንስ በምን አውቃለሁ? ልጄ የሚሳፈርበት ነው።"

"በዱቄት ፈትሼዋለሁ።"

"አንቺ ፈትሸሻል" አለች ኮሌ እየተነሳች። ከጓዳ አንድ ሳህን ዱቄት ይዛ ወጣች። "ያንቺን ዱቄት አላውቀውም፤ በኔው እናየዋለን። አንተ፣ ባልዲ ሞልተህ ና።"

ኮሌ ደጅ ወጥታ ዱቄቱን የመኪናው ወለል ላይ ነሰነሰች፤ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሹ ባልዲውን አመጡ፣ መስታወቱ ግርጌ ቀስ ብለው አፈሰሱ። ውሃው ከጎማው ኋላ ሲወርድ ይሰማል። ኮሌ በተከፈተው በር አጎንብሳ እጇን ዱቄቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደችው።

"ደረቅ ነው" አለች።

"ፈቀቅ በይ" አለች ሪዚኪ፣ "እኔም ልይ።"