መጨረሻ ያለው ሰው ይዝጋ

"አንድ እርምጃ ብትጨምሪ እግርሽን ነው የምሰብረው!"

መንገድ መሪዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከኋላዋ አስራ አራት የከተማ ሰዎች ቦርሳቸውን አዝለው ተደርድረዋል። ከፊቷ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ዶማውን ጨብጦ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት ለስላሳ የእግር መንገድ የነበረውን መሬት ቆፋፍሮ ጓል በጓል አድርጎታል።

ከወንዙ ተነስታ በጥድ ጫካው ሾልካ አፋፉ ላይ የምትወጣውን ይህችን መንገድ ያገኘቻት እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ እሾህ እየቧጠጣት፣ ውሻ እያባረራት ስትፈልግ ኖራ፣ በመጨረሻ በወንድሟ ግጦሽ በኩል ስታቋርጥ ተገጣጠመችላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው የሚከተላትም ለዚህችው መንገድ ሲል ነው። የቀረው ሁሉ አስፋልት፣ አቧራና ጡሩምባ ነው።

"ጋሼ፣ በሰው ፊት አታዋርደኝ። ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።"

"ላሜስ ሌላ ጊዜ ትነሳለች?"

ላሟ የሞተችው ባለፈው ቅዳሜ ነው። የግጦሹ በር ተከፍቶ ስለቀረ ጤዛው ያልረገፈለት የአልፋልፋ መኖ ማሳ ውስጥ ገብታ እስኪበቃት በላች። ሆዷ ተነፋ፤ ሐኪም ሳይደርስላት ወደቀች። በቤቱ የምትታለበው እሷ ብቻ ነበረች።

ከተጓዦቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በሩን የከፈትነው እኛ ለመሆናችን ማስረጃ አለህ?"

"ማስረጃው ተቀብሯል። ቆፍረው ያውጡት!"

"እኔ ሳልፍ ከኋላዬ ሰው ነበር" አለች አንዷ።

"ከኔም ኋላ ነበር።"

"እኔም የሚመጣ ሰው ያለ መስሎኝ ነው የተውኩት" አለ ሁልጊዜ እየተንቀራፈፈ የሚያስጠብቃቸው ወፍራሙ ጎልማሳ።

የሚገርም ነው፤ ከሁሉም ኋላ ሌላ ሰው ነበረ። መንገድ መሪዋ ግን እውነቱን ታውቃለች። ሁሌም በሩ ላይ ሁሉንም አሳልፋ፣ መጨረሻ ሆና የምትዘጋው እሷ ናት። ያን ቀን ግን ፊተኞቹ መንገድ ስተው ቁልቁል ሲወርዱ አየችና፣ "መጨረሻ ያለው ሰው ይዝጋ!" ብላ እየጮኸች ሮጠች። ወንድሟ ስለ ላሟ ሲደውልላት ደግሞ፣ "እረኛ ይሆናል የከፈተው" ብላ አጽናናችው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

"እንግዲህ በሩን ነፋስ ከፍቶት ይሆናላ" አሉ ዳኛው። "አይደለም እንዴ፣ መሪያችን?"

ሁሉም አፍ አፏን ያዩ ጀመር። "ነው" ብትል ሰዎቿ አብረዋት ይቆማሉ፤ ወንድሟ አስራ አምስት ሰው በዶማ አያስቆምም።

"አይደለም" አለች። "መዝጋት የኔ ሥራ ነበር። እረኛ ነው ያልኩህም ውሸት ነው፣ ጋሼ።"

የወንድሟ ፊት አልተፈታም። ጭራሽ ባሰበት።

"እንዲህ ዓይኔን እያየሽ ነው የዋሸሽኝ? ውጪልኝ ከመሬቴ! እህት አለኝ ብዬ እንዳልጠራሽ!"

ሰዎቹን አዙራ በአስፋልቱ በኩል መራቻቸው። ግማሾቹ እያጉረመረሙ ስልካቸውን አውጥተው መኪና ጠሩ። ዳኛው ብቻ አጠገቧ ደርሰው ጠየቋት።

"የሚመጣው ቅዳሜስ በየት በኩል ትወስጂናለሽ?"

"የትም አልወስዳችሁም" አለች። "የከብት ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው።"