የሃርላን የጫማ ማሰሪያ

ባሌ ሃርላን ፔለቲየር ግትር ነው፤ እኔ ኖሪንም ከሱ አልሻልም። እዚህ አሜሪካ፣ በሜይን ግዛት ሰሜን፣ የወረቀት ፋብሪካ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ መልሱ አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፤ ምን እሆናለሁ!» የተቆረጠ ጣቱን በመሀረብ ጠቅልሎ ቢመጣም ያው ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ትልቅ የወረቀት ጥቅልል እጆቹ ላይ ከወደቀበት ወዲህ እጆቹ አይታዘዙትም። ቤታችንን እንዳናጣ የጡረታ ቁጠባውን ዕድሜው ሳይደርስ አወጣን። እንዲህ ያደረገ ሰው ከግብሩ ሌላ ቅጣት አለበት። ከቅጣቱ የሚድነው ሐኪም «ከእንግዲህ ምንም ሥራ መሥራት አይችልም» ብሎ ሲመሰክርለት ነው። ሃርላን ግን ሁሉንም ግብር ነው የሚለው፤ ግብር መክፈል ደግሞ አያሳፍረውም። ሐኪሙ ዘንድ ሁለቴ ሄዶ ሁለቴም «ደህና ነኝ» ብሎ ተመለሰ። ሐኪሙ ምን ይመስክር?

በሦስተኛው አብሬው ሄድኩ።

«ዛሬም ደህና ነኝ ብትል እዚያው ትቼህ ነው የምመጣው» አልኩት መኪናውን እየነዳሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መንገዱን እያየሽ ንጂ!»

ዶክተር ዊትኮም የልጃችን እኩያ ነው። «እንዴት ሰነበቱ?» አለው።

«ደህና ነኝ፤ ምን እሆናለሁ!»

ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ቅጣትህን ክፈል!»

ሃርላን ዞር አለ። «የምን ቅጣት? ግብር አይደል እንዴ?»

«ግብሩ ሌላ ነው። ይሄ ቅጣት ነው።»

«ቅጣትማ ያጠፋ ሰው ነው የሚከፍለው! ሃያ ስምንት ዓመት የለፋሁበትን ነው የወሰድኩት። የማንን ሰረቅሁ?» ፊቱ ቀላ። ከዚያ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አወጣቸው። «ጻፍ፣ ዶክተር። ብርጭቆ መያዝ አልችልም። ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ እሷ ናት። ጫማዬንም እሷ ናት የምታስርልኝ፣ ያውም መጋረጃ ዘግተን። አልችልም። ጻፍ።»

«አልችልም» የሚለውን ቃል ከዚያ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ዶክተሩ ጽፎ ፈረመ።

ስንወጣ ሁለት የፋብሪካ ጓደኞቹ ተራ ይጠብቃሉ። የሃርላን የጫማ ማሰሪያ ተፈቷል። ድሮ ቢሆን ተደናቅፎ መውደቅ ይሻለው ነበር።

«ኖሪን» አለ ጮክ ብሎ፣ እግሩን ዘርግቶ። «እሰሪልኝ እስቲ።»

ተንበረከክሁ። በዚያ ሰው የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ጓደኞቹ እያዩን ቀስ ብዬ፣ አጥብቄ አሰርኩለት።