በዶማ የተነካ ሰርዶ

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታት። ትነሳለች፣ በመስኮት ጓሮውን ታያለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ስትሮክ መትቶት ሦስት ወር ሩቅ አገር ሆስፒታል የተኛው ባሏ ዛሬ ቤቱ ሊገባ ነው፤ አስታማሚዋ ልጃቸው እያመጣችው ነው። ጓሮው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰርዶ ሆኗል!

ባሏ ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤት አትክልተኛ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ ጠላት አለኝ ካለ ሰርዶ ብቻ ነው። "ዶማ እንዳታስነኪው!" ይላት ነበር ሁልጊዜ። "እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ይሰዳል። ቁጭ ብለሽ፣ ሥሩን ተከትለሽ፣ በእጅሽ ንቀይው።"

ቁጭ ብሎ መንቀል ለእሷ ዓይነቷ ችኩል ይሆናል እንዴ? ደንበኞቿ ቀሚስ ቀሚስ እያሉ ሲያጣድፏት፣ አንድ ቀን ዶማውን አንስታ በካሮቱ መሃል የገባውን ሰርዶ ከተከተችውና እፎይ አለች። ዝናብ ሲጥል ካሮቱ የት እንደገባ እንኳን ጠፋ። ልጇ ስልኩን አባቷ ጆሮ ላይ በያዘችለት ቁጥር ግን ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ጓሮህ አንድ ሰርዶ የለበትም!" ትለዋለች። እሱም "እሺ፣ እሺ" ይላል።

አሁን የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ወጥታ በእጇ መንቀል ጀመረች፤ አንዱን ስትስብ ሌላው ከወዲያ ይበጠስባታል። ዛሬ እሳት ጎርሶ ነው የሚቆጣኝ ብላ ፈራች።

መኪና ቆመ። ምን ይዋጣት! ባሏ የሴት ልጁን ትከሻ ተደግፎ ወደ ጓሮ ዞረ፣ ቆመ፣ አረንጓዴውን ትክ ብሎ አየው።

"እንዴት ያምራል!" አለ። "ማነው የተከለው?"

የሚያሾፍባት መስሏት ፊቱን አየች። ፌዝ የለበትም። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

"እማዬ፣ በስልክ ልነግርሽ አቃተኝ። ብዙ ነገር ጠፍቶበታል።"

እሱ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ሰርዶውን ዳበሰው። "ማንም እንዳይነቅለው፤ እሺ?"

ሴትየዋ አጠገቡ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"በዶማ ነው የከተከትኩት" አለችው። "ስንቴ ነግረኸኝ ነበር እኮ! ተቆጣኝ እንጂ። በእናትህ፣ ተቆጣኝ!"