ራውተሩ የገባበት ሳጥን

አክስቴ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ቤት ውስጥ የምትመራው በጆሮዋ ነው። በእሷ ክፍል፣ በሳሎኑና በማድ ቤቱ አሮጌ ስፒከሮች አሉ፤ ያለ ገመድ፣ በዋይፋይ፣ ሁሉም አንድ ራዲዮ እኩል ያወራሉ። ከክፍሏ ወጥታ የኋለኛው ድምፅ ሲርቅ፣ የሳሎኑ ሲቀርብ፣ መተላለፊያውን አጋመሰች ማለት ነው። ማድ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቀኝ ጆሮዋ ይሞላል። ዱላ እንግዛልሽ ስንላት «ቤቱ ውስጥ ውሻ አለ እንዴ?» ብላ ዘጋችን።

ኢንተርኔት ያስገባልን ድርጅት ራውተሩን በአዲስ ሲቀይረው ስፒከሮቹ ድዳ ሆኑ። አክስቴ በጭርታው ለመውጣት ሞክራ መተላለፊያው ላይ ካለው ቁም ሳጥን ጋር ተላተመች፤ ከዚያ በኋላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መዋል ጀመረች። ያበጠ ግንባሯን ልጇ አየ። ይህን ልጇን ቤተሰቡ የሚጠራው «ዳኛው» ብሎ ነው፤ ከሳሽ ሳይኖር ስለሚፈርድ። «ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ ወደ እኔ ቤት እወስዳታለሁ» ብሎ ፈረደ። የእሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው።

«እዚያ ሄጄ እንደ ዕቃ ልቀመጥ?» አለችኝ አክስቴ። «አንቺ፣ ተምረሻል አይደል? ስፒከሮቹን አስወሪያቸው።»

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። እኛ ቤት ግን ዲግሪ ያለው ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ይጠግናል።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። አዲሱ ራውተር ሁለት ዓይነት ሞገድ በአንድ ስም ይልካል፤ የእኛ ስፒከሮች የሚያውቁት አሮጌውን ብቻ ነው። ለያየኋቸውና ለአሮጌው የራሱን ስም ሰጠሁት። ቀጥሎ የሳሎኑን ስፒከር በገመድ ከራውተሩ ጋር ማስተዋወቅ ነበረብኝ።

ራውተሩ ያለው ሳሎን፣ ሳጥን ውስጥ ነው። አባቴ ብረት ሠራተኛ ነው፤ አዲሱ እንደመጣ አቧራ እንዳይገባበት፣ ልጅም እንዳይነካካው ብሎ ከላሜራ ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ቁልፍ ገጥሞለታል።

«አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ።»

«እኔ እከፍትልሻለሁ። አንቺ ማጠፊያውን ትገነጥይዋለሽ።»

ከፈተልኝ። ገመዱን ሰካሁ፣ የሳሎኑ አወራ። ገመዱን ነቀልኩ፣ አሁንም አወራ። ሌሎቹንም በስልኬ ጨመርኳቸው።

«መጣ! መጣ!» አለች አክስቴ ከክፍሏ።

ሮጬ ስደርስ ጸጥ ብሏል።

«ሄደ» አለችኝ፣ የሸኘችው እንግዳ ይመስል።

ስፒከሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገባሁ፣ ተሳደብኩ። ተመልሼ ሳጥኑን አስከፈትኩ። መጣ። ወደ ክፍሏ ስሄድ ሄደ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አልቆ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ዝም ብዬ አየሁ። አባቴ ራውተሩን በጨርቅ ጠረግ አደረገ፣ በሩን ገጠመ፣ ቁልፉን አዞረ። የአክስቴ ክፍል ጸጥ አለ።

«አባዬ፣ ክፈተው።»

ከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ራዲዮው ከክፍሏ ተሰማ።

«ሳጥንህ ነው ያፈነው። ላሜራ ሞገድ አያሳልፍም።»

«ስልኬ እኮ ይሠራል!»

«አጠገቡ ተቀምጠህ ነዋ!»

ሳጥኑን አየው። «ቀለሙን ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁት» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ልጅ!» አለች አክስቴ ከውስጥ፤ ታላቁ ናት፣ ሽበቱ አያሳስባትም። «ለአንተ ሳጥን ብዬ እኔ ፎቅ ልውጣ?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣዎት» አለና ራውተሩን አውጥቶ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። ሦስቱም ክፍል አወራ።

ዳኛው ከሰዓት በሩን ሲያንኳኳ ብድግ አልኩ።

«ማንም አይነሳ» አለች አክስቴ። መተላለፊያው ውስጥ ነበረች። ግድግዳውን ሳትነካ መጣች፤ ሳሎኑ መሃል ላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና ወደ በሩ ዞረች። ከፈተችለት። የሻንጣው ጎማ ደፉ ላይ ተንቋቋ።

«ባዶ ሻንጣ ይዘህ ነው ሰው ቤት የምትመጣው?»

«እማዬ! ማን አመጣሽ?»

«ዜና አንባቢው።»

ተቀመጠ። ግንባሯን አየ፣ እኛን አየ። አላመነም።

«እስቲ ውሃ ስጪኝ» አላት።

ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ ቧንቧው ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማን። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ የሳሎኑን ድምፅ እየተከተለች ተመለሰች። ትንሽ ፈስሷል፤ የቀረውን እሱ ጠጣው።

«ፍርዱ ይነበብ» አለ አባቴ።

ዳኛው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ትቆይ። ግን ያ ቁም ሳጥን ከመተላለፊያው ይነሳ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ፈረደ። ቁም ሳጥኑን ከአባቴ ጋር ተሸክሞ ወደ ጓዳ አስገባውና ሻንጣውን እየጎተተ ሄደ።

ዳኛውን ሸኝቼ ስመለስ አባቴ ራውተሩ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎበታል። አፈጠጥኩበት።

«ጨርቅ ነው» አለኝ። «ጨርቅ ያሳልፋል አይደል?»

ወደ አክስቴ ክፍል ጆሮዬን ጣልኩ። ዜና አንባቢው እያወራ ነው።

«ያሳልፋል» አልኩት።